ለረውዳ የምትመልሰው

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ይቺን የማወራት ቀስ ብዬ ነው።

ረውዳ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አረብኛ የመረጠችው ለአያቷ ብላ ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸው ጠፍቶ የአባታቸውን ኪታቦች የሚያነብላቸው አጥተው፣ «ሳልሞት ድረሽልኝ» ብለው ነው የላኳት። አንደኛ ዓመት ላይ መምህሩ ስም ሲጠራ «ሃዲራ» ለማለት፣ አለሁ ማለት ነው፣ የሚቀድማት አልነበረም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ግን ደከማት። ፊደሎቹ ገጹ ላይ እንደ ጉንዳን ይተራመሱባት ጀመር፤ ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃታት።

«ተኚ አንቺ ሰነፍ» አለቻት የዶርም ጓደኛዋ ሂክማ። «ድምፄን ቀጠን አድርጌ ሃዲራ እልልሻለሁ። የካፌው የሥጋ ቀን ድርሻሽ ግን የኔ ነው።»

ተማሪ ለተማሪ የሚያደርገው ነውና ረውዳን አልከበዳትም። በረኪናና እርጥብ ፎጣ በሚሸተው ክፍል ውስጥ መጋረጃውን ጋርዳ ቀኑን ሙሉ ትገላበጣለች፤ እንቅልፍ ግን የለም። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ አረብኛ ያነባል፤ እሷ ሁልጊዜ የምትሳሳትበት ቦታ ሲደርስ ቆም ይልና አስተካክሎ ያልፋል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ሌላ ክፍል አልነበረም፤ ባዶ ሜዳ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሂክማን አመሰገነቻት።

«ለምኑ? ከሰኞ ወዲህ ራስሽ አይደለሽ የምትመልሺው? ተኝተሽ ትቼሽ እሄዳለሁ፤ ክፍል ስደርስ ቀድመሽኝ ተቀምጠሻል። በየት በኩል ነው የምትሮጪው?»

በማግስቱ ረውዳ ራሷ ወደ ክፍል ሄደች። ገና ኮሪደሩ ላይ ሳለች ስሟ ተጠራ። ከውስጥ የራሷ ድምፅ፣ ያ ያልደከመው የአንደኛ ዓመቱ ድምፅ፣ «ሃዲራ» አለ። እጇ በሩን መግፋት እምቢ አላት።

ግቢውን ስትዞር ውላ ከሰዓት በኋላ ዶርም ስትመለስ፣ ፍራሿ ተጠቅልሎ ሻንጣዋ የለም። ሂክማ ቀና አለች።

«ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ? ረውዳን ከሆነ አሁን አገሯ ሄደች።»

በሦስተኛው ቀን ግቢው በር ላይ ካለው ሱቅ ወደ ቤት ደወለች። እናቷ አነሱት።

«ረውዳማ አያቷ ጎን ቁጭ ብላ እያነበበችላቸው ነው፤ ዛሬ ገና ሲስቁ አየን» አሉ። ከኋላቸው ያ ድምፅ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ ይወርዳል። «ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

ይኸው አርባ ዓመት አለፈው። አደራ ልጆቼ፣ ረውዳ እኔ እንደነበርኩ አስታውሱልኝ።