ሥሩ ገና አልበረደም

ኳ! ኳ! ኳ!

የቆርቆሮ በር ነው የሚመታው። መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ በመዳፍ። ሽመክት ውስጥ ሆኖ ትንፋሹን ዋጠ።

«ወንድሜም ሁን እህቴ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ውጣልኝ!» አለ የሴት ድምፅ።

«ገና ነኝ» አለ።

«እኔ ግን ገና አይደለሁም!»

ሳቁ አመለጠው። ከውጭ ያለችው ሰማችው።

«ትስቃለህ? ሳቅ! አንተም ተመልሰህ ትመጣለህ፤ ያኔ እኔ ውስጥ ሆኜ እስቃለሁ።»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አረንጓዴ ሻሽ በጎኑ ሽው ብሎ አለፈና በሩ ተዘጋ። እውነትም ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ፤ እሷም ውስጥ ሆና ሳቀች።

እንጅባራ ከተማ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነበር። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከባሕር ዳር የአንጀት ሐኪም ትመጣለች። አንጀታቸው በካሜራ የሚታይ ሕመምተኞች አንጀት የሚያጥበውን ጨው ጨው የሚል መድኃኒት ሲጠጡ ያድራሉ፤ ጠዋት የቀረውን እዚያው ይጨርሳሉ። ያን ቀን ተረኞቹ አራት ነበሩ። ሽንት ቤቱ አንድ።

«አንተም ካሜራ ነህ?» አለችው፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ።

«አዎ። የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው። አራት ዓመቴ።»

«እኔ ሁለት ዓመቴ። ሸጋ እባላለሁ። ከዳንግላ ነኝ።»

«ሽመክት። ከጥርባ።»

ይህን በሽታ ለሰው መንገር ከባድ ነው። ራስ ምታት ይነገራል፣ ወባ ይነገራል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ግን በየትኛው ቃል ለሴት ልጅ ይነገራል? ሽመክት በዚህ የተነሣ ከሰው ርቆ፣ ከሠርግም ከማኅበርም ቀርቶ፣ ብቻውን ማሰብ የለመደ ልጅ ነበር። ለሸጋ ግን መንገር አላስፈለገውም። አስቀድማ በሩን አንኳኩታለች።

ስልክ ተለዋወጡ።

ሽመክት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ከአባቱ ጋር ከሰል ያከስላል። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይቆርጣሉ፣ ይከምራሉ፣ አፈር ያለብሱታል፣ ያነዱታል። ሸጋ ዳንግላ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በየወሩ ለክትትል ስትመጣ እስከ ዘንገና ሐይቅ ይሄዱና ዳር ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። እሷ ከቦርሳዋ ውስጥ ብርቱካናማ ኪኒኗን ታወጣለች፣ እሱ ከኪሱ የሱን፤ ውሃው አንድ ጠርሙስ ነው፣ መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እሱ።

አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦

«አንተን ከማግኘቴ በፊት ሌላ ቦታ ታይቼ ነበር። በካሜራ አዩና ‹ንጹሕ ነው፣ ድነሻል› አሉኝ። እናቴ እልል አለች። ‹እንግዲህ ይህን ኪኒን ጣይው፣ አንጀትሽን ነው የሚጨርሰው› አለችኝ። ጣልኩት።»

«ከአንጀትሽ ናሙና አልወሰዱም?»

«ምን ናሙና! በሦስተኛው ወር ደሙ መጣ። ዐሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። እናቴ አልጋዬ ሥር ተቀምጣ አንድ ቃል አልተናገረችም።» ሐይቁን አየች። «ከዚያ ወዲህ መድኃኒቴን የምትገዛው እሷ ናት። ፊደል አታውቅም፤ ያለቀውን ካርቶን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥርና ፋርማሲው ድረስ በእግሯ ትሄዳለች። እኔ ልሂድ ብላት አትሰማም። ለምን እንደሆነም አትነግረኝም።»

ሽመክት እጇን ያዘ። የመጀመሪያው ነበር። እሷም እጇን አልሳበችም።

በየካቲት፣ ጾሙ ሳይገባ፣ አጎቱ አያ አዝመራው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ዳንግላ ወረዱ። የሸጋ አባት በሕይወት የሉም፤ የምትሰጠው እናቷ እትዬ እናትነሽ ናት።

«አንድ ቤት ሁለት በሽተኛ!» አለች እትዬ እናትነሽ። «ማን ለማን ውሃ ሊያቀብል?»

«ተራ በተራ» አሉ አያ አዝመራው።

«ቀልድዎን ይተዉ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሳታጋባ የደም ምርመራ ወረቀት አምጡ ትላለች። እኔ ደግሞ የአንጀቱን ወረቀት እላለሁ። ሐኪም ‹ድኗል› ያለበትን ይዞ ይምጣ። ያለዚያ ልጄን አልሰጥም፤ እናንተም ደጄን አትርገጡ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር የቀረው። ሽመክት ከጥቅምት ወዲህ አላመመውም። ደም የለም፣ ሌሊት መነሣት የለም። ሚያዝያ ሲገባ እንደገና ካሜራው ሥር ተኛ።

«ሽመክት፣ እጅግ ጥሩ ነው» አለች ዶክተር ናርዶስ ስክሪኑን እያየች። «ቁስል የለም። ለስላሳ ነው።»

«ድኛለሁ ማለት ነው?»

«ቆይ፣ ናሙና ልውሰድ።»

«ከዳነ ሥጋ ላይ ለምን ይቆረጣል?»

«ምስር የማታህል ቁራጭ ከስድስት ቦታ ነው፤ አትሰስትብኝ። እኔ የማየው ላዩን ነው። ባሕር ዳር ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ደግሞ ውስጡ ይታያል። ላዩ ድኖ ውስጡ ተቆጥቶ የሚቀር ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒት ሲቀነስበት ቶሎ ያገረሽበታል። ስለዚህ ያንን ሳላይ ቀንስም፣ ተውም አልልህም።»

ሽመክት ለዚህ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ የመጀመሪያውን የራሱን የከሰል ክምር ጭሱ ቆመ ብሎ ከፍቶት ነበር። ነፋስ ሲገባ ውስጥ ያደረው ፍም ቦግ አለና የወር ድካሙ ዐመድ ሆነ። አባቱ አልተቆጡም። ዘንግ አምጥተው በሌላው ክምር ውስጥ ሰኩ፣ አወጡ፣ ጫፉን በእጃቸው ዳሰሱና፣ «ከሰል በጭሱ አይታወቅም» አሉ።

የካሜራውን ወረቀት በዚያው ቀን ሰጡት። ባለ ቀለም ፎቶ አለበት። ወደ ሸጋ ደወለ።

«ላዩ ንጹሕ ነው ተባልኩ።»

በስልኩ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ሽመክቴ! ለእናቴ ልንገራት?»

«አትንገሪያት። ናሙናው ባሕር ዳር ነው፤ ዘንጉ ገና አልወጣም።»

ግንቦት፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ። በማግሥቱ እሑድ ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ይዘው ዳንግላ ሊወርዱ ቀጠሮ አላቸው። ዶክተር ናርዶስ ከባሕር ዳር የመጣውን ውጤት ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ውስጡ ላይ ገና መቆጣት አለ። ብዙ አይደለም፤ ግን አለ።»

ሽመክት መሬት መሬት አየ።

«ደህና ነህ እኮ። ድኗል ብዬ ግን አልጽፍም። መድኃኒቱ ባለበት ይቀጥላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ እናየዋለን።»

«ማግባትስ?»

«ማግባትማ ማን ከለከለህ?»

«አማቴ።»

መነጽሯን አወለቀች። «እሱ ከእኔ ሙያ ውጭ ነው።»

«እንግዲያው ውጤቱን በአማርኛ ይጻፉልኝ። ማኅተምም ይምቱበት።»

ጻፈችለት። ማታ ወደ ሸጋ ደወለ፤ ኔትወርክ አልነበረም። ደጋግሞ ሞከረ፤ አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ አያ አዝመራው ወደ ጆሮው ተጠጉ።

«የትኛውን ወረቀት ያዝክ?»

«ሁለቱንም።»

«ስማኝ ልጄ። ባለ ፎቶውን ስጣት። ፎቶ አይዋሽም።»

«አይዋሽም አያ። ግን ላዩን ነው ያየው።»

«ሴትዮዋ ‹ድኗል› የሚል ወረቀት ነው ያለችው። ሥርና ቅጠል መቼ ጠየቀች?»

«እርስዎ ጭሱ ቆመ ብለው ክምር ይከፍታሉ?»

አያ አዝመራው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ከሰልና ሚስት አንድ አይደለም» ብለው አጉረመረሙ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ መልስ ሳይሰጣቸው አንቀመጥም ብለው በሩ አጠገብ ቆሙ። ሽመክት ከኋላቸው። ሸጋ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆማለች፤ አረንጓዴውን ሻሽ አድርጋለች። አየችው። ዓይኖቿ ሲጠይቁት ዓይኑን አሸሸ።

«ወረቀቱስ?» አለች እትዬ እናትነሽ።

ሽመክት ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀትና አንድ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«መድኃኒቴን አላቋረጥኩም፣ እትዬ። ይኸው፣ ዛሬ ጠዋት ነው ያለቀው። ወረቀቱ ደግሞ ይህ ነው።»

«ሸጋ፣ አንብቢልኝ።»

ሸጋ ወረቀቱን ዘረጋች። ቤቱ ውስጥ ከሽመክት በቀር ሌላ የሚያነብ ሰው አልነበረም፤ የፈለገችውን ብትል ከእሱ በቀር ማንም አያውቅባትም። ሽመክትም ይህን ያወቀው አሁን፣ ከንፈሯን ሲያይ ነው።

«‹ላዩ ድኗል› ይላል።»

«እሰይ!» አሉ አያ አዝመራው።

ሸጋ ቀና አላለችም።

«ጨርሺው» አለች እናቷ።

«‹ሥሩ ግን ገና አልበረደም። መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።›» ድምፅዋ መጨረሻው ላይ አነሰ። «ማኅተም አለው።»

ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እያጮኸ አለፈ።

«ይህን ማን አጻፈው?» አለች እትዬ እናትነሽ።

«እኔ።»

«ሌላ ወረቀት የለህም?»

ሽመክት ባለ ፎቶውን አወጣ። «አለ። በካሜራ ያዩት ነው። ይህኛው ንጹሕ ነው ይላል።»

«ታዲያ እሱን ለምን አልሰጠኸኝም? ‹ድኗል› ነበር እኮ ያልኩት።»

«ለሸጋም ያን ጊዜ እሱን ነበር የሰጧት፣ እትዬ።»

እትዬ እናትነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልጇን አየች። ሸጋ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ ሽመክትን ታያለች፤ እንባዋ ወርዷል፣ አልጠረገችውም።

ሴትዮዋ ተነሣች። ባዶውን ካርቶን ከጠረጴዛው አነሣች፤ በፊቱም በጀርባውም አገላብጣ አየችው። ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ ሌላ ባዶ ካርቶን አወጣች፤ የሸጋን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስጠግታ አስተያየቻቸው። አንድ ዓይነት ናቸው። በነጠላዋ ጫፍ አንድ ላይ ቋጠረቻቸውና ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳበችው።

«እሜቴ» አሉ አያ አዝመራው፣ እግራቸውን እያፈራረቁ፣ «እንግዲህ እንቀመጥ ወይስ እንሂድ?»

እትዬ እናትነሽ በመካከላቸው አልፋ፣ ደፉ ላይ የላስቲክ ጫማዋን ተጫማች፣ ግቢውን አቋረጠች፣ የውጭውን የቆርቆሮ በር ከፍታ የፋርማሲውን መንገድ ያዘች።