የመርበትበት ፍቺ

ባሌ ከሞተ በኋላ፣ ልጄ ጸደንያ ፊደል መቁጠር ስትጀምር፣ እኔም ቢቸና የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። አንድ ቀን መምህርታችን «ስርጉት፣ መርበትበት ምን ማለት ነው? በራስሽ አነጋገር ንገሪን» አለችኝ።

ተነሣሁ። ያለው የሚባል ከሞጣ የመጣ አናጢ ክፍላችን ውስጥ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ይጠግን ነበር።

«መፍራት ነው» አልኩ።

«ፍርሃት ብቻማ አይደለም» አለ ያለው ቀና ሳይል። «ደስታም ያርበተብታል። ሰው የሚወደውን ሲያይ የያዘው ሁሉ ይጠፋበታል።»

«አንተ ታዲያ ምን ጠፋብህ?»

«መዶሻዬ።»

መዶሻው በእጁ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሱ ግን ሳይስቅ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ስወጣ እየጠበቀ ይሸኘኝ ጀመር። «ሽማግሌ ልላክ?» ባለኝ ቀን፣ «ልጄስ?» አልኩት። አቀርቅሮ ዝም አለ። ዝምታውን እንቢታ አድርጌ ቆጠርኩት። አባቴም ወሬውን ሰምተው «የልጅ ልጄን ሞጣ አልሰድም» ብለው ነበር።

ቢሆንም በሰንበት ሽማግሌዎች መጡ። በእኛ አገር ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እህል ውኃም አይቀምስም። አባቴ ሊመልሷቸው ቆርጠዋል። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«አያ እንዳለው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ አባቴን በስም ጠርተው፣ «ልጃችን ያለው ስርጉትን ከነልጇ ይፈልጋል። ጸደንያን እንደ አብራኩ ክፋይ ሊያሳድግ በፊታችን ምሏል።»

ለካ ያን ቀን ዝም ያለው መልሱን በሽማግሌ አፍ ሊሰጠኝ ኖሯል!

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ጠላ የሞላ ጆግ ይዤ መካከላቸው ቆሜ ነው።

ሁሉም ወደ ጆጉ ዞሩ።

«እኔ አፌን ሳልከፍት ጠላው እሺ አለ?» አሉ አባቴ።

«እንጠጣ ወይስ እንመለስ፣ አያ እንዳለው?» ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

አባቴ አልሳቁም። «ምን ነካሽ ልጄ?»

«ተርበተበትኩ፣ አባባ።»

«ፈርተሽ ነው?»

«የለም። ደስ ብሎኝ ነው።»

ትኩር ብለው ተመለከቱኝ። ባሌ ከተቀበረ ወዲህ «ደስ አለኝ» የሚል ቃል ከአፌ ሰምተው አያውቁም።

ቀስ ብለው ተነሡና ሽማግሌዎቹን «ተቀመጡ» አሏቸው። ጆጉንም ከእጄ ወስደው ራሳቸው መቅዳት ጀመሩ። እሳቸውም ተርበትብተው ኖሮ ዋንጫ ማቅረቡን ረስተዋል።