ተለካሽ?

ቁልፍ ሰፊዋ ሜትሩን ከወገቧ ላይ መንጭቃ ወለሉ ላይ ስትወረውረው የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ልጅ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ቀጮ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ካለቁ ሸሚዞች ላይ ክር ትለቅም ነበር፤ እጇ ሸሚዙን እንደያዘ ቀረ።

«ልኬት እኮ ነው፤ ምን አስደነበረሽ?» አለ ቆራጩ እየሳቀ።

«ለልኬት የልብስ አሻንጉሊቱ አለ» አለችው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ማንም አልተከተላትም።

ቆራጩ የቀጮ አጎት ነው፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም። እጁ ወርቅ ነው ይባልለታል። ታዲያ አዲስ ሴት በተቀጠረች ቁጥር ሜትሩን ይዞ ይዞርባታል፤ ሌሎቹም ተጠቃቅሰው «ተለካሽ?» ይሏታል። የቤቱ ቀልድ ነበር እንግዲህ። ቀጮም ስቃበታለች። እንዲያውም ትናንት ቁልፍ ሰፊዋን «አንቺም ተለካሽ እንዴ?» ብላ የጠየቀቻት እሷው ናት። ቁልፍ ሰፊዋ አልሳቀችም፤ ትክ ብላ አየቻት። ያ አስተያየቷ አሁን ቀጮን እንደ እሾህ ወጋት።

ቀጮ ቢሮ ገብታ የሆነውን ስትነግራት የስፌት ቤቱ ባለቤት እናቷ ግንባሯን ይዛ አዳመጠች። ከዚያ ቁልፍ ሰፊዋን ከነገ ጀምሮ ወደ ማሸጊያ ክፍል እንደምታዛውራት፣ ነገሩም በዚሁ ቢያልቅ እንደሚሻል ነገረቻት። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም፤ ደግሞም እንደ እሱ መቀስ የሚይዝ ከየት ይመጣል አለች።

«እሷ ምን አጥፍታ ነው የምትዛወረው?»

«ልጅ ነሽ፤ ቀልድና ቁም ነገር ገና አትለዪም።»

«እለያለሁ፣ እማዬ። ቀልድ መስሎኝ የሳቅኩት እኔው ነኝ» አለች ቀጮ። «ይሄ ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው። ‹ተለካሽ?› ሲባል አንቺም ትሰሚ ነበር።»

እናቷ ግድግዳውን አየችው። ማፈሯ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። ተነሳችና ወንድሟን አስጠራችው። ዘመድ ያልሆነ ሰው ጉዳዩን አጣርቶ እስኪጨርስ ሥራ እንዳይገባ ነገረችው።

«ለባዳ ብለሽ የእናትሽን ልጅ?» አላት።

«እዚህ ውስጥ እህትህ አይደለሁም፤ አለቃህ ነኝ።»

እሱ ከወጣ በኋላ ሠራተኞቹ መሀል ቆማ፣ ስትሰማ ኖራ ዝም ማለቷን ሳትሸፋፍን ተናገረች። ከእንግዲህ ማንም እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስበት እንዲነግራት፣ በተናገረውም ሰው ላይ እንደማይፈረድ አከለችበት። ሁሉም አቀርቅረው ቀሩ። ከሁሉም በፊት የተቀጠረችው ሰፊ ብቻ ቀስ ብላ «እኔንም ለክቶኛል፤ ሦስት ዓመት ሆነው» አለች።

ቁልፍ ሰፊዋ ስልክ አላነሳችም። የቀጮ እናት ቤቷ ድረስ ልትሄድ ስትነሳ ቀጮም የክር መቀሷን አስቀመጠች።

«አንቺ ቆዪ፤ ይቅርታ የምጠይቃት እኔ ነኝ።»

«አንቺ የራስሽን ትጠይቂያለሽ» አለች ቀጮ። «የኔ ሌላ ነው።»

የጫማዋን ክር አሰረችና ቀድማት ወጣች።