የድልድዩ ክፍሎች

የኔነሽ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ዓብዱልአዚዝ ደግሞ የመጋላ ሰፈር ባለሱቅ ልጅ። ያገናኛቸው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ለማስተማሪያ መጽሐፍ ቃላት ይሰበስባሉ፤ እሷ የአንድን ነገር ስም ስትጠራ እሱ ክፍሎቹን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሱማልኛ ይነግራታል። ቤት ስትለው ጣራ፣ ግድግዳ፣ በር።

«ሰው» አለችው አንድ ቀን።

«ዓይን» አለና ዓይኗን አየ። «ከንፈር...» ብሎ እዚያው ቀረ።

«ሥራ ላይ እኮ ነን!»

«አቦ የኔነሽ፣ ወላሂ ሥራዬን ነው የምሠራው።»

ሳቀች። በዚያው ተዋደዱ። እሷ ክርስቲያን፣ እሱ እስላም፤ ቤተሰብ ቢሰማ ጉድ ይፈላል። መጽሐፉ ሲያልቅ ሊናገሩ ተስማሙ።

የቀረው «ድልድይ» ብቻ ነበር። ዓብዱልአዚዝ ሽማግሌዎችን ሊጠይቅ ወደ ቢዮ አዋሌ መንደር ሲነሳ፣ «ሙሉውን ካላዩ ክፍሉ አይገባቸውም፤ ሥለህ አሳያቸው» ያለችው እሷ ናት። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ገና ከሰው ልብ አልወጣም። የባቡር ድልድይ ሥዕል ይዞ እግሩ ምን ይባላል፣ መደገፊያው ምን ይባላል የሚል ወጣት ሲያዩ የድልድዩ ጠባቂዎች ሰርጎ ገብ ነው ብለው ያዙት።

ከዚያ ወዲህ መልኩ ሙሉ ሆኖ አልመጣላት አለ። ቅንድቡ ይታያታል፣ ጣቱ ይታያታል፤ አንድ ላይ ግን አልገጥም አሏት። ፈራች።

እህቱ ሸፊቃ እስር ቤት ስንቅ ስታደርስለት የኔነሽም አብራ ትሄዳለች። ስንቅ ይገባል፣ የቆሸሸ ልብስ ይወጣል። አጥባ የምትመልሰው የኔነሽ ነበረች፤ ለሸፊቃ አትተውላትም።

ረመዳን በገባ ዕለት ሸፊቃን ወባ ጣላት። የኔነሽ ብቻዋን በቀትር ሄደች። ዘበኛው «ስንቁን መልሺው» ብሎ ሸሚዙን፣ ሱሪውን፣ ቀበቶውን፣ ጫማውን አስታቀፋት።

«ወይ ጉዴ! በጾም ምሳ ይዤለት መጣሁ!» አለች። በሀፍረት ዘበኛውን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

ልብሱን አጥባ ተኮሰች፤ ጫማውን ቀባች። በማግስቱ ለማፍጠሪያው ሳምቡሳና ቴምር ጨምራ ወሰደችለት።

ዘበኛው የታጠፈውን ሸሚዝ አየና አንገቱን ደፋ።

«እህቴ፣ ለእጥበት እኮ አይደለም የሰጠሁሽ። ከእንግዲህ ልብስ አያስፈልገውም።»

ቴምሩን እንደያዘች ቆመች። የመግሪብ አዛን ተሰማ።

«እሱንስ?» አለች። «እሱን ስጡኝ።»

«እሱ አይሰጥም።»

የኔነሽ አላገባችም። አመሻሽ ላይ ነፋስ በሩን ሲገፋው ዛሬም «ግባ» ትላለች። ጥቂት ትጠብቅና ራሷ ተነስታ ትዘጋዋለች።