አለቃዬን ልጠይቅና ልምጣ

«እግርሽን አቁሚ» አለ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጠረጴዛው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

ልጅቷ ጉልበቷን በእጇ ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። ሦስት ሰከንድ ያህል አረፈላት፤ ከዚያ ሌላኛው እግሯ ተራውን ጀመረ። ከፊታቸው፣ በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ፣ አመድማ ቀለም ያላት ትንሽ አዲስ መኪና አፍንጫዋን ወደ እነሱ አዙራ ቆማለች። የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሰዓት ተኩል ይላል። የመኪና መሸጫው ቅዳሜ ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ይዘጋል። ሻጯ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ «አለቃዬን ልጠይቅና ልምጣ» ብላ ወደ ውስጥ ከገባች አራት ደቂቃ ሆኗታል።

ሰኞ ጠዋት እናቷ አዲስ ሥራ ትጀምራለች። ነርስ ናት፤ ከእንግዲህ በሽተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ልትረዳ ነው። ቀጣሪዎቿ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሷ መኪና። አሮጌዋ መኪናቸው እንደሆነች ባለፈው ወር ሞተሯ ተቃጥሎ በብረት ዋጋ ተሸጣለች። ቤተሰቡ ያለው፣ ያቺ የብረት ዋጋ ተጨምሮበት፣ ስድስት መቶ ሃያ ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ በላይ ሰባራ ሳንቲም የለም። ሻጯ ከስድስት መቶ ሰባ ተነስታ፣ በስንት ልመና፣ ስድስት መቶ አርባ ላይ ደርሳለች። ጠዋት መጀመሪያ የሄዱበት መሸጫ እንዲህ ያለችው መኪና አልቃበታል። ሁለተኛው «ሰባት መቶ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ሦስተኛው ይኸው ነው፤ አራተኛ የለም።

እናቷ የሆስፒታሉን የመጨረሻ ተረኝነቷን መቅረት ስላልቻለች፣ ጠዋት ስትወጣ ልጅቷን በር ላይ ይዛ «አባትሽን አደራ» ብላታለች። አደራው የተገላበጠ ይመስላል፤ ግን ባሏን ታውቀዋለች። አባትየው አናጢ ነው። እንጨት ሲቆርጥ እጁ ፍንክች አይልም፤ ዋጋ ሲጠራበት ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ይሉኝታ ነፍሱን ይዞታል። ማቀዝቀዣውን የገዛ ጊዜ የተጠየቀውን ከፍሎ፣ ሻጩን «አስቸገርኩዎት» ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ነው የወጣው። ልጅቷ ደግሞ፣ በሰባት ዓመቷ የመኝታ ሰዓቷ እንዲሻሻል ለአንድ ሳምንት ተከራክራ ካሸነፈች ወዲህ፣ ቤት ውስጥ ስሟ ጠበቃ ሆኖ ቀርቷል።

ጠበቃ ፊት ለፊቷ ደብተር ዘርግታለች። አራት መስመር ተጽፎበታል፤ ዋጋ፣ የወለል ምንጣፍ፣ የመጀመሪያው ዘይት ቅያሪ በነፃ፣ ሙሉ ነዳጅ። ስለ ምንጣፉ ሁለት ጊዜ አንስታ ነበር፤ ሻጯ ሁለቱንም ጊዜ በጥርሷ ብቻ ስቃ አለፈቻት።

«ልጄ» አለ አባቷ። «ሴትየዋን አመላለስናት እኮ። ነውር ነው። አርባውን እሺ ብንላቸውና ሃያውን…»

«ሃያውን ከየት ነው የምናመጣው? አባዬ፣ ፋራ አትሁን! እማዬ ምን አለች? ዋጋ ከተጠራ በኋላ አፋችሁን ያዙ፣ ዝም አይነቅዝም አላለችም?»

«እኔ ዝም ስል ያልበኛል።»

እውነቱን ነው፤ ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። ልጅቷ ስልኳን አነሳች። ያላት አንድ ዘዴ ነበር። ከቪዲዮ ያየችውን ይህንን ዘዴ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሲለማመዱት ነው የመጡት። እሷ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ትወጣና ትደውልለታለች፤ እሱ የሌላ መሸጫ ሻጭ እንደደወለለት ሆኖ ያወራል።

«ጊዜው አሁን ነው። ስደውል ምን ትላለህ?»

አባቷ ምራቁን ዋጠ። «አዎ ጌታዬ… በስድስት መቶ አስር?… ዛሬውኑ?… እሺ፣ ገባኝ።»

«ነፍስ ነህ! ሴትየዋ ተመልሳ ስትቀመጥ ነው የምደውለው። እስከዚያ ማንም ቢመጣ አታውራ።»

ተነስታ የገባችበት መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ የአዲስ ጎማ ሽታ አለው። በቀኝ በኩል «ሥራ አስኪያጅ» የሚል በር አገኘችና፣ ሰውየው ምን እያለ እንደሆነ ብትሰማ ብላ ቆመች። ምንም አይሰማም። ቀና ስትል በሩ ላይ ከውጭ ትልቅ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

ቀጥሎ ያለው በር ገርበብ ብሏል። ዕቃ ቤት ነው። ሻጯ ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ የአንድ እግር ጫማዋን አውልቃ፣ ፕላስተር የተለጠፈበት ተረከዟን ታሻለች። ጭኗ ላይ ያለው ስልክ ደቂቃ ይቆጥራል።

«ሽንት ቤቱ በግራ ነው» አለች ሻጯ። ከዚያ የልጅቷን ዓይን አየችና ትንፋሿን ለቀቀች።

«አለቃዎ የሉም?»

«ቅዳሜ መቼ ገብቶ ያውቃል!»

«ታዲያ ማንን ነው የሚጠይቁት?»

«እግሬን» አለች ሻጯ፣ ተረከዟን እያሳየች። «ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው የምውለው። እሱ እሺ ሲለኝ እመለሳለሁ።»

የልጅቷ ጆሮ ጋለ። እነሱ እዚያ ልባቸው ተሰቅሎ፣ አባቷ በላብ ተጠምቆ፣ ሴትየዋ እዚህ እግሯን ታሻለች! «ሙድ እየያዙብን ነው እንዴ?»

«ሙድ አይደለም የኔ ልጅ፣ ሥራ ነው። ቶሎ ከተመለስኩ ገዢው ይንቀኛል፤ አሥር ደቂቃ ካለፍኩ ደግሞ ተነስቶ ይሄዳል። ልኩ ሰባት ነው።» ጫማዋን ለማጥለቅ ጎንበስ አለች። «አለቃዬ የመጨረሻውን ዋጋ ሰጥቶኛል፤ ስንት እንደሆነ አትጠይቂኝ። ከዚያ ከወረድኩ ልዩነቱ ከኔ ድርሻ ነው የሚቆረጠው። አንቺም ምንጣፍ ምንጣፍ ትያለሽ፤ ምንጣፉም ከዚያው ነው የሚወጣው።»

 ልጅቷ እንደ ልማዷ ስልኳን በጣቶቿ ማሽከርከር ጀመረች።

ሻጯ ስልኩን አየችው። «ልትደውዪለት ነው አይደል? ሌላ ሱቅ ሆነሽ?»

«ማን? እኔ?»

«በወር ሦስቴ አየዋለሁ» አለችና ሳቀች። በዚህ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

ልጅቷም ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር። በዚያው ቅጽበት ከአዳራሹ የአባቷ ድምፅ አስተጋባ።

«አዎ ጌታዬ! በስድስት መቶ አስር?»

ልጅቷ እጇን አየች። ስልኳ እዚያው እጇ ላይ ነው፤ መብራቱም ጠፍቷል። ለማንም አልደወለችም። ሁለቱም፣ አንዷ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ፣ ተከታትለው ወጡ።

አባቷ መሃል ወለሉ ላይ ቆሞ፣ ሻጯ የትም ብትሆን እንድትሰማው፣ በሙሉ ድምፁ ይጮኻል። «ዛሬውኑ? እሺ፣ ገባኝ!»

የመጋዝ ጩኸት ጆሮውን ስለጎዳው የስልኩ ድምፅ ሁልጊዜ የመጨረሻው ላይ ነው። የእናቷ መልስ ለአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። «ጌታዬ ማነው? አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ለዕረፍት ወጥቼ ነው የደወልኩት! መኪናዋን ገዛችሁ ወይስ አልገዛችሁም?»

አባቷ ቀና ሲል ልጁን ከሻጯ አጠገብ አያት፤ ስልኳም እጇ ላይ እንዳለ አየ። ከዚያ የራሱን ስልክ ከጆሮው አርቆ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ፣ የደዋዩን ስም አነበበ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ የሚለው ይመስል ነበር። «በኋላ እደውልልሻለሁ» ብሎ ዘጋና ወንበሩ ላይ ኩምትር ብሎ ተቀመጠ።

 አባቷ በሕይወቱ የዋሸው አንድ ውሸት ይኸው ነው፤ ያስዋሸችውም እሷ ናት። ልታድነው ትችላለች። የምትለው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ «የአለቃዎ ቢሮ ለምን ተቆለፈ?» ብትል ኀፍረቱ ከአባቷ ላይ ተነስቶ ሴትየዋ ላይ ያርፋል፤ ዋጋውም ምናልባት ይወርዳል። ክርክሩን ትረታለች። ሻጯም ይህ አልጠፋትም፤ ጠረጴዛዋን ተደግፋ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ዓይኗን ከልጅቷ ሳትነቅል ትጠብቃለች። አንድ ጫማዋ አሁንም ተረከዟን አልሸፈነም።

ልጅቷ ያንን ተረከዝ አየችው። ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

«ሌላ ሱቅ የለም» አለች። «የደወለችው እናቴ ናት። ይህንን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ አባዬ መዋሸት አይችልም።»

«አይቻለሁ» አለች ሻጯ።

«ያለን ስድስት መቶ ሃያ ነው። ከዚያ በላይ የለንም፤ ቢኖረን እንዲህ አንለምንም ነበር። እናቴ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፤ ያለ መኪና አይቀበሏትም።» ወደ መተላለፊያው ተመለከተች። «አለቃዎን… አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠይቁልን።»

 ሻጯ ጫማዋን አጥልቃ ወደ መተላለፊያው ተመለሰች።

«ሰውዬው እሺ የሚል ይመስልሻል?» አለ አባቷ።

«ሰውዬውን እንጃ።»

ሰዓቱ ለሰባት ሃያ ጉዳይ ይላል። አንድ ደቂቃ። ሦስት። የልጅቷ እግር መንቀጥቀጡን ቀጠለ፤ አባቷም በዚህ ጊዜ አልተቆጣትም፤ የእሱም ጉልበት አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። አምስት። አሁን ትመጣለች ብላ ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች። ሰባተኛው ደቂቃ መጣና አለፈ። ሻጯ የለችም። ስምንት። ዘጠኝ። የጥበቃው ሠራተኛ መጥቶ የፊት ለፊቱን መብራት አጠፋ፤ መኪናዋ ግማሽ ጥላ ውስጥ ገባች። ሰባት ልኩ ከሆነ ይኼ ምንድነው?  ሴትየዋ በዚህኛው ጊዜ የምር እያሰበች እንደሆነ የገባት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሻጯ ትንሽ እያነከሰች መጣችና ተቀመጠች፤ ወረቀት ስባ «620» ብላ ጻፈች።

አባቷ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ! አለቃዎንም እግዜር ይስጥልኝ ብሏል ይበሉልኝ! እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!»

«እነግረዋለሁ» አለች ሻጯ። አባትየው መኪናዋን በእጁ ሊዳብስ ሲሄድ፣ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብላ «እግሬ እሺ አለ» አለቻት። «ትንሽ አመመው እንጂ።»

 ሻጯ የውል ወረቀቱን እየሞላች፣ ቀና ሳትል «ሌላ የቀረ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች።

ደብተሩ እንደተዘረጋ ነው። ከዋጋው በታች ሦስቱ መስመሮች አሉ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ በሦስቱም ላይ አንድ ወፍራም መስመር አሰመረችባቸው፤ ደብተሩንም ከደነችው።

«የለም» አለች። «ዋጋው ብቻ ነበር።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አባቷ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ከግቢው በቀስታ ወጣ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ የሆነ ነገር ትዝ ብሎት ዝቅ ብሎ እግሩ ሥር አየ።

«ጠበቃ! ምንጣፉን ረሳሽው እኮ!»

«አልረሳሁትም» አለች ልጅቷ። «ጋዜጣ እናነጥፍበታለን።»