እፍ ያልተባለ ሻይ

ብልቃጧ ጉንጯ ውስጥ ናት።

የባቄላ ፍሬ ታህላለች። ከፋብሪካው ግቢ ለመውጣት አርባ እርምጃ ቀርቷታል። ዘበኛው ደግሞ ዛሬ ወሬ አምሮታል።

«ምነው ቀማሿ፣ ዝም አልሽ? በርበሬ በዛብሽ?»

ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ አቃሰተች።

«አይ የጥርስ ነገር! ቅርንፉድ ንከሽበት እንጂ፤ ቅርንፉድ ላይ ተኝተሽ እየዋልሽ!»

ቦርሳዋን በረበረ። ኪሷን ዳበሰ። ጫማዋን አስወለቀ። አፍ ክፈቺ የሚል ደንብ ግን የላቸውም።

አለፈች።

እዚህ ቅመም ፋብሪካ በቀማሽነት ከገባች ስምንት ወሯ ነው። የስለላ ስሟ ሄል ይባላል። አለቃዋ ዝንጅብል፣ መኪና ይዛ የምትጠብቃቸው ሴት ደግሞ እርድ። ስም ያወጣላቸው ሰው ያን ቀን ቁርሱን ሳይበላ የመጣ መሆን አለበት።

ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። አንዲት አሮጊት የመድኃኒት ቀማሚ ከቅርንፉድና ከበሶብላ የሚያደነዝዘውን ነገር አጣርተው አወጡ። እሳት የበላው ሕፃን ቁስል ላይ ጠብ ሲል ለቅሶው ቀጥ ይላል። በነፃ ሊያድሉት ነበር። የፋብሪካው ባለቤት ሰርቆ ካዝና ውስጥ ቆለፈው። አሮጊቷም ሞቱ። በዓለም ላይ የቀረው ሄል ዛሬ ከካዝናው ወደ ብልቃጧ ገልብጣ ጉንጯ ውስጥ የያዘችው ብቻ ነው። ሐኪሞች እጅ ከገባ መልሰው ይሠሩታል። ካልገባ፣ አበቃ።

ዝንጅብል ማዶ ሻይ ቤት ጥግ ይዞ ጋዜጣ ዘርግቷል። አጠገቡ ተቀመጠች። አፏን በመሐረብ ጠረገችና መሐረቡን ጋዜጣው ሥር ሰደደችው።

«ክዳኗ ትንሽ አፍስሷል ጋሼ። ግራ ፊቴ የለም።»

«ነፍስሽ አለች አይደል? ሂጂ ታጠቢ።»

መስታወት ውስጥ ስታይ ጉንጯን ነክሳ አድምታዋለች። አልተሰማትም።

ስትመለስ ብልቃጧን በጠረጴዛው ሥር መልሶ አስጨበጣት።

«አንቺ ለእርድ አድርሺላት። እኔን የሚከተለኝ ሰው አለ።»

ሻዩ መጣ። እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። ዝንጅብል አንሥቶ ግማሹን ባንዴ ጨለጠው።

እፍ አላለም።

ይህ ሰው አንድ ብርጭቆ ሻይ እፍ እያለ የሰው ትዕግሥት የሚጨርስ ሰው ነው። «ጋሼ፣ በረዶ ይምጣልህ?» እያለች አሥራ አንድ ዓመት ቀልዳበታለች።

አፉ ደንዝዟል።

ብልቃጧ እንዳትከፈት ታዟል። ከፍቶ ቀምሷታል ማለት ነው። እውነተኛ መሆኗን ማወቅ የሚያስጨንቀው ደግሞ ሊሸጣት ያሰበ ሰው ነው።

በጠረጴዛው ሥር ክዳኑን ፈታች። ጣቷን አራሰች። ያልደነዘዘውን የምላሷን ቀኝ ነካች። እስከ ሃያ ቆጠረች።

አቃጠላት እንጂ አልደነዘዘም።

ቀረፋ።

ብልቃጧን አሠርቶ የሰጣት እሱ ነው። መንታ ማሠራት ምን ይከብደዋል?

እጁ በየደቂቃው የኮቱን ግራ ኪስ ይነካል። ዕቃ የደበቀን ሰው በእጁ እንድትለይ ያስተማራት ራሱ ነው።

ክርኗ ብርጭቆውን መታው።

«ውይ! ጋሼ፣ በሞትኩት!»

«አንቺ ልጅ! ጭኔን ጠበስሽው እኮ!»

ጠረገችለት። ጭኑን፣ ኮቱን፣ ኪሱን። አንዷ ብልቃጥ ወጣች፣ ሌላዋ ገባች።

«በቃ፣ በቃ። ምነው ፈዘዝሽ?»

«ጉንጬ ነው።»

ተነሥቶ ግንባሯን ሳማት። ከጎዳና አንሥቶ፣ ጫማ ገዝቶ፣ ሥራ ያስተማራት ሰው ነው። ብልቃጧን የሚገዙት ሰዎች ሳይቀምሱ አይቀበሉም። ቀረፋ ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉት ታውቃለች።

«ጋሼ።»

ዞረ።

አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

«ጋዜጣህን ረሳህ።»

«ውሰጂው፤ ጨርሼዋለሁ።»

ወጣ።

እርድ መኪናዋን አስነሥታ ትጠብቃለች። ብልቃጧን ተቀበለች።

«ዝንጅብልስ?»

«አይመጣም።»

እርድ አየት አደረገቻት።

«ፊትሽ ረጥቧል።»

«አልተሰማኝም።»

በወሩ አንድ ወረቀት ደረሳት። «ሕፃናቱ ተኝተዋል» ይላል። አቃጠለችው።

ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ነበረች። ፀጉሯን አሳጥራ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጥራለች። አንሶላ የምታጥፍ አንዲት ዝምተኛ፤ ማንም ልብ አይላትም። አንድ ቀን የሥራ ጓደኛዋ ሻይ ቀዳችላት።

«ጠጪው እንጂ፣ ሊቀዘቅዝ ነው!»

እፍ አለችበት።

እፍ እንዳለች፣ ሳትጠጣው በረደ።