የጌርኖት የመጨረሻ አደን

ጌርኖት ከጥዶቹ ሥር ተንጋሎ ተገኘ፤ ጥይት ደረቱን በስቶታል። የታነንሮደ ከተማ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ሥጋ ሻጩ ሉድገር ላይ ነበር። በጠዋቱ አደን ላይ አድፍጦ የቆመበት ቦታ ለሟቹ ቅርብ ነው፤ በዋዜማውም ሁለቱ መጠጥ ቤት ውስጥ ተናንቀዋል። ጉድ እኮ ነው፤ ያቺ ከተማ እንኳን ሰው ሞቶባት ዶሮ ጠፍቶባትም ፈራጇ ብዙ ነው።

የአዳኝ ልጅ የሆነችው ኢንስፔክተር ሮስቪታ ግን አልቸኮለችም። አዳኞቹን ከሚሞቁት እሳት ዳር አንድ በአንድ ጠየቀች። የደን ጠባቂው ቬንደሊን አንድ አጋዘን መግደሉን ነገራት። ሉድገር ቀበሮ ላይ ተኩሶ መሳቱን በልጆቹ እየማለ ተናገረ፤ ላቡ ይንቆረቆራል። ሦስተኛዋ ኢርምትራውት ነበረች፤ አንድ ልጇ እዚሁ ጫካ ውስጥ በጌርኖት ጥይት ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። የምስር ሾርባዋን እፍ እያለች፣ አንዲትም ጥይት አለመተኮሷን ተናገረች። ሮስቪታ የሴትየዋን ባርኔጣ ልብ ብላ አየች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«በአዳኞች ወግ ሐዘንተኛ የጥድ ቅርንጫፍ ባርኔጣው ላይ በግራ ይሰካል። የገደለ ደግሞ ቅርንጫፉን ደም አስነክቶ በቀኝ ይሰካል። የቬንደሊን በቀኝ ነው፤ አጋዘኑም ያው። ሉድገር ስቷል፤ ባርኔጣው ባዶ ነው። እትዬ ኢርምትራውት፣ የእርስዎ ዛሬ ጠዋት በየት በኩል ነበር?»

«በግራ» አለ ቬንደሊን ቀድሟት። «ልጇ ከሞተ ጀምሮ ከግራ ወርዶ አያውቅም።»

«አሁን በቀኝ ነው፤ ደምም ነክቶታል። ምን ገደሉ?»

ኢርምትራውት ሾርባዋን አስቀመጠች።

«ቅርንጫፏን መደበቅ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ግን ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ለዚች ነው፤ ላወርዳት ስል እጄ እምቢ አለኝ።»

«እኔን ልታሳስሪ ነበር!» አለ ሉድገር።

«አዎ። ልጄ የሞተው በጠራራ ፀሐይ ነው። አንተ ዳኛ ፊት መሽቶ ነበር ብለህ ለጌርኖት ማልክለት። እሱን ለአፈር፣ አንተን ለእስር ነበር ያሰብኳችሁ፤ አንዱ ቀረ፣ ይቆጨኛል።»

ሉድገር አንገቱን ደፋ። ሮስቪታ እጇን ስትዘረጋ ኢርምትራውት ጠመንጃዋን ሳታንገራግር ሰጠቻት።

«ጌርኖት ከርከሮ መስሎኝ ነው ብሎ እቤቱ ገባ። እኔ ሰው መሆኑን በደንብ አይቼ ነው የተኮስኩት። እንደዚያው አድርገሽ ጻፊው፣ ልጄ።»